ለ50 ሰው የሚበቃ ጣፋጭ በጥቂት ወጪ

ሰው ከሰው ጋራ በአንድ ገበታ የሚቀርበው ለሆዱ ብቻ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን በየወሩ ማኅበር ሲጠጡ፤ በየሰንበቱም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ሰንበቴ ሲያቀርቡ፤ በገበታ የተገናኘ ሰው በኀዘንና በሕመም ቀንም ይገናኛል ብለው አስበው ነው። እንጀራውና ጠላው ምክንያት ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን መተያየቱና መጠያየቁ ነው።

ከዚህ ከቀድሞው ልማድ ጋራ የሚመሳሰል ሌላ ግብዣ በከተሞቻችን ተለምዷል። ይኸውም የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች፤ የአንድ ሰፈር ጎረቤቶች፤ ወይም ልጆቻቸውን በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች በሚሰበሰቡበት ቀን፤ ድካሙና ወጪው በአንድ ቤት ላይ ብቻ እንዳይወድቅ፤ እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ምግብ አዘጋጅቶ ይዞ የሚመጣበት የመዋጮ ማዕድ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ምሳሌ ለዚህ ዐይነቱ ግብዣ የተነገረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ይህ መልካም ልማድ በአንድ በኩል ሲበላሽ እናያለን፤ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ በእንጀራውና በወጡ ሳይሆን በመጨረሻ በሚቀርበው ጣፋጭ ነው። ወጥ ሁሉም ቤት የሚሠራው ስለ ሆነ የአንዱ ከሌላው ቢበልጥ በቅመሙ ካልሆነ በቀር አይታወቅም። ጣፋጩ ግን አስቀድሞ ለዐይን የሚቀርብ ነገር ነው። በመጀመሪያው ግብዣ አንዲት እመቤት በማር የተለወሰ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፤ በሁለተኛው ሌላዪቱ ከኬክ ቤት የተገዛ ባለ ክሬም ኬክ ታመጣለች፤ በሦስተኛው ባለ ሁለት ደርብ ይመጣል፤ በአራተኛው ዳቦ ይዞ መምጣት እንደ ነውር ይቆጠራል።

ይህን ጊዜ በጡረታ የሚኖሩት ሽማግሌ፤ ልጆችዋን ብቻዋን የምታሳድገው መበለት፤ ደመወዙ ጥቂት የሆነው ወጣት ጸሐፊ ምን ያደርጋሉ? «የለኝም» ብለው አይናገሩም፤ ይሉኝታ ይዟቸዋልና። አንድ ጊዜ «ራሴን አሞኝ ነበር» ይላሉ፤ ሌላ ጊዜ «እንግዳ መጥቶብኝ ነው» ይላሉ፤ ከዚያም በኋላ ምክንያት መስጠቱንም ትተው ይቀራሉ። ከገበታ የቀረ ሰው ደግሞ ሲታመም የሚጠይቀው፤ ሲያዝን የሚያጽናናው እያነሰ ይሄዳል። እንግዲህ የአንድ ኬክ ከፍታ አንድን ቤተ ሰብ ከወዳጆቹ የሚለይ ከሆነ፤ ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለ50 ሰው የሚበቃ፤ ማንም ቤት ሳይቸገር ሊያዘጋጀው የሚችል፤ ሲቀርብም የማያሳፍር ጣፋጭ እንዴት እንደሚሠራ ከነመጠኑ እንገልጻለን።

ጣፋጭ ማለት ኬክ ብቻ አይደለም

ፈረንሳዮች ዴሴር የሚሉት፤ በቋንቋችንም ማጣጣሚያ የተባለው ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ፤ በቀድሞው የአገራችን ሥርዐተ ማዕድ ራሱን የቻለ ተራ አልነበረውም። ከምግብ በኋላ የሚመጣው ቡና ነው፤ ከቡናውም ጋራ ቆሎ ወይም ዳቦ ወይም ዳቦ ቆሎ ለቡና ቁርስ ይቀርባል። ለማጣፈጥ የሚታሰበውም ማር ነበር፤ ስኳር ከውጭ አገር የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበረና። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር በአገራችን ተመርቶ በየቤቱ እየተለመደ ሄደ።

ይህን ያስታወስነው የቀድሞውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ባለ ክሬም ኬክ ከሌለ ግብዣው ጎደሎ ነው የሚለው አሳብ ከአባቶች የወረስነው እንዳልሆነ ለማመልከት ነው። በቡና ጊዜ የሚቀርብ፤ በእጅ የሚያዝ፤ ጥቂት የሚጣፍጥ ነገር ሁሉ የማጣጣሚያን ሥራ ይሠራል።

ወጪውን የሚያበዛው ምንድን ነው

አንድ ጣፋጭ ውድ የሚሆነው በየትኛው ነገር እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ፈረንሳዮች ካትር ካር የሚሉት የታወቀ ኬክ አላቸው፤ ትርጓሜው አራት አራተኛ ማለት ነው። ዱቄቱ፤ ስኳሩ፤ ቅቤውና እንቁላሉ በሚዛን እኩል ስለሚሆኑ ይህ ስም ተሰጠው። ከዚህ ኬክ ለ50 ሰው ለያንዳንዱ 80 ግራም እንዲደርሰው ቢፈለግ በጠቅላላው 4 ኪሎ ይሆናል። ይህም ማለት 1 ኪሎ ዱቄት፤ 1 ኪሎ ስኳር፤ 1 ኪሎ ቅቤና 20 ያህል እንቁላል ነው። ከገበያ የምትመለስ የቤት እመቤት ሁሉ እንደምታውቀው፤ ከወጪው ትልቁን እጅ የሚወስዱት ቅቤውና እንቁላሉ ናቸው። በላዩ ላይ ክሬምና ቸኮላታ የተጨመረበት እንደ ሆነ ደግሞ ጌጡ ከምግቡ በላይ ያስወጣል።

እንግዲህ ወጪን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ስኳሩን ከመቆጠብ ይልቅ ቅቤና እንቁላል የማይጠይቀውን የጣፋጭ ዐይነት ይምረጥ። ይህም ሌላ ጥቅም አለው፤ ቅቤና እንቁላል ወተትም የሌለበት ጣፋጭ በረቡዕና በዓርብ፤ በዐቢይ ጾምም ወራት ለጾመኛው ሁሉ ይቀርባልና።

አስቀድሞ መጻፍ

በፍርድ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ሰው ዕለት ዕለት የሚያየው ነገር ቢኖር፤ ሰዎች የሚጣሉት በክፋት ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ባልተጻፈ ነገር ጭምር መሆኑን ነው። የመዋጮ ማዕድም እንዲሁ ነው። ማን ምን እንደሚያመጣ ካልተጻፈ ከ12 ቤት 7ቱ ጣፋጭ ይዞ ይመጣና እንጀራው ያልቃል፤ ወይም ሁሉም ወጥ ይዞ ይመጣና ለቡናው ቁርስ ይጠፋል።

ስለዚህ ከግብዣው አንድ ሳምንት በፊት አንድ ወረቀት ይዘጋጅ። በአንድ ወገን የየቤቱ ስም፤ በሌላው ወገን የሚያመጣው ነገርና መጠኑ ይጻፍበት። አመዳደቡም በየቤቱ አቅም ይሁን፤ ሥጋ ወጡና ዶሮ ወጡ ሰፋ ላለው ቤት፤ ዳቦ ቆሎውና በሶው ጠበብ ላለው ቤት ይሰጥ። ይህ ግን በአደባባይ የሚነገር ነገር አይደለም። ወረቀቱን የያዙት ሰው አስቀድመው ለየብቻ ጠይቀው «እርስዎ ዳቦ ቆሎ በመሥራት የታወቁ ስለ ሆኑ እርሱን ቢያመጡልን» ቢሉ፤ የተጠየቀው ቤት ተከበረ እንጂ አልተናቀም።

በመጠኑም ነገር ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል። እያንዳንዱ ቤት ለመጣው ሰው ሁሉ ብቻውን ሊያጠግብ ያስባልና። 50 ሰው በሚገኝበት ግብዣ ጣፋጭ የሚያመጡት ቤቶች 3 ቢሆኑ፤ ለአንድ ሰው 2 ትንንሽ ቁራሽ ከበቃው የሚያስፈልገው 100 ቁራሽ ነው። 3ቱ ቤቶች 35 35 ቢያዘጋጁ 105 ይሆናል፤ ለሁሉም ይበቃል፤ 5ም ይተርፋል። ሦስቱም ለ50 ሰው ሁለት ሁለት ቢሠሩ ግን 300 ይሆናል፤ ሁለቱ እጅ ተመልሶ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው መጠን ለ50 ሰው ነው፤ ለ35 ሰው የሚያዘጋጅ ቤት ከ10 እጅ 7ቱን ይውሰድ።

አንደኛ፤ የበሶ ጭብጦ

ይህ ከሁሉ የሚቀለው ነው፤ ምድጃ አይጠይቅም፤ እሳትም እንኳ አይፈልግም። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለ ሆነ በሶ አስቀድሞ የበሰለ ምግብ ነውና። መንገደኛውና የቆሎ ተማሪው ስንቅ ያደረጉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ለ50 ሰው 1 ኪሎ ተኩል በሶ፤ 400 ግራም ማር፤ 200 ግራም ያህል ዘይት፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይዘጋጅ። ማሩ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ ይበጥበጥ። ማር በተወደደበት ጊዜ ግማሹን ማር ግማሹን ስኳር ማድረግ ይቻላል። በሶው በሰፊ ገበቴ ተደርጎ ዘይቱ በእጅ እየታሸ ይግባበት፤ ከዚያ በኋላ ብጥብጡ በጥቂት በጥቂቱ እየፈሰሰ ይለወስ። ውሃው በአንድ ጊዜ አይፈሰስ፤ በሶ ከበሶ ስለሚለያይ አንዱ ብዙ ይጠጣል፤ ሌላው ጥቂት ይበቃዋል። በእጅ ሲጨበጥ ሳይፈረፈር ከቆመ ልኩ ነው።

ከዚህ በኋላ የእንቁላል ግማሽ በሚያህል ልክ 100 ጭብጦ ይጨበጥ። ለመልኩና ለጣዕሙም ጥቂት ሰሊጥ በምጣድ ቆልቶ ጭብጦውን በላዩ ማንከባለል መልካም ነው። በፍስክ ቀን በዘይቱ ፈንታ ለጋ ቅቤ ቢሆን ይጥማል፤ ወጪው ግን ከፍ ይላል። ውሃ የነካው በሶ ብዙ ስለማይቆይ በዚያው ቀን ወይም ማታውን ተሠርቶ በማግስቱ ይበላ።

ሁለተኛ፤ ጣፋጭ ዳቦ ቆሎ

2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፤ 250 ግራም ስኳር፤ 200 ግራም ዘይትና 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ተቀላቅሎ፤ ውሃ በጥቂቱ እየተጨመረ ጠንከር ተደርጎ ይቦካ። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ እንደ ጣት ቀጥኖ ይድቦልቦል፤ በቢላዋም ሽምብራ እያከለ ይቆረጥ። ከዚያም በምጣድ በዝግታ እሳት እየተማሰለ ይቆላ። ስኳር ያለበት ሊጥ ፈጥኖ ስለሚያር እሳቱ አይበርታ። በደንብ የደረቀ ዳቦ ቆሎ በተከደነ ዕቃ ለብዙ ቀን ይቆያልና በሥራ ቀን ጊዜ ለማታገኝ እመቤት የተመቸ ነው፤ በሳምንቱ መጀመሪያ ተሠርቶ ለሳምንቱ መጨረሻ ግብዣ ይደርሳል።

ሦስተኛ፤ የሙዝ ዳቦ

ኬክ የሚመስል ነገር እንዲቀርብ የተፈለገ እንደ ሆነ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ቅቤም እንቁላልም ወተትም የለበትምና። ዋናው ነገር ሙዙ ነው፤ ልጣጩ ጠቁሮ የለሰለሰው ሙዝ ይመረጣል። ነጋዴ እንዲህ ያለውን ሙዝ ከጉሊቱ ሳያነሣ ለመሸጥ ስለሚቸኩል ወደ ማታ በርካሽ ይገኛል። ሙዝ በበሰለ መጠን ጣፋጭነቱ ስለሚጨምር ስኳሩንም ያስቀንሳል። የሻገተውን ወይም ጠጅ ጠጅ የሚሸተውን ግን መውሰድ አይገባም።

ለ50 ሰው ከተላጠ በኋላ 1 ኪሎ ከ800 ግራም የሚመዝን ሙዝ፤ 1 ኪሎ ከ200 ግራም የስንዴ ዱቄት፤ 500 ግራም ስኳር፤ 400 ግራም ያህል ዘይት፤ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፤ 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፤ 45 ግራም ቤኪንግ ፓውደር ይዘጋጅ።

ስለ ቤኪንግ ፓውደሩ መጠን አንድ ነገር እናስገነዝባለን። በውጭ አገር የተጻፈውን የኬክ መጽሐፍ ቃል በቃል የተከተሉ ብዙ እመቤቶች ኬኩ መጀመሪያ እጅግ ተነፍቶ ኋላ መካከሉ ይሰረጉድባቸዋል፤ ጥፋቱንም በእጃቸው ያመካኛሉ። ምክንያቱ ግን የአገሩ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህም ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከሊጡ ውስጥ የሚወጣው አየር የሚጫነው ነገር አንሶት ከልክ በላይ ይነፋዋል፤ ሊጡም በስሎ ሳይጠና ወድቆ ይቀራል። መጽሐፎቹ በብዛት የተጻፉት በዝቅተኛ አገር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ስለዚህ በደጋ አገር ቤኪንግ ፓውደሩ ከአራቱ እጅ አንዱ ይቀነስለት። በቆላ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከላይ በተነገረው 45 ግራም ፈንታ 60 ግራም ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሙዙ በሹካ እስኪልም ድረስ ይዳጥ፤ ስኳሩና ዘይቱ ተጨምሮበት ይመታ። ዱቄቱ፤ ጨው፤ ቀረፋና ቤኪንግ ፓውደሩ ለብቻ ተነፍቶ ይቀላቀል፤ ከዚያም በሙዙ ላይ ተጨምሮ ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ ይማሰል። ብዙ ማሸት ዳቦውን እንደ ጎማ ያደርገዋል። ሊጡ ከተወፈረ ጥቂት ውሃ መጨመር ይቻላል። ወርዱ 30፤ ርዝመቱ 40 ሳንቲሜትር በሆነ ዘይት በተቀባ በ2 ትሪ ተከፍሎ ይፍሰስ። አስቀድሞ በጋለ በ180 ዲግሪ ምድጃ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋገር። በስንጥር ሲወጉት ስንጥሩ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ትሪ በርዝመቱ 5፤ በወርዱ 5 ተደርጎ ይቆረጥ፤ ከ2ቱ ትሪ 50 እኩል ቁራሽ ይገኛል። ቁራሹ እኩል መሆኑ ትንሽ ነገር አይምሰል፤ በማኅበር መካከል የአንዱ አንሶ የሌላው ሲበልጥ የሚሰማው ቅሬታ ከዳቦው በላይ ይቆያልና። ይህ ዳቦ ከተጋገረበት ቀን ይልቅ በማግስቱ ይጥማል።

አራተኛ፤ ሩዝ በወተት

ይህ ለፍስክ ቀን፤ በዚያውም ግብዣው በሚደረግበት ቤት ማቀዝቀዣ ሲኖር ብቻ የሚመረጥ ነው። 1 ኪሎ ሩዝ፤ 3 ሊትር ውሃ፤ 5 ሊትር ወተት፤ 600 ግራም ስኳር፤ 3 ስባሪ ቀረፋ፤ የ2 ሎሚ ልጣጭና ጥቂት ጨው ይዘጋጅ።

ሩዙ ታጥቦ በጨው ውሃ ይቀቀል። በከፍተኛ አገር ውሃ የሚፈላው እንደ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ፤ ሩዝ ለመብሰል በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ውሃውን ሊጨርስ ሲቃረብ አስቀድሞ የፈላው ወተት ከነቀረፋውና ከነሎሚው ልጣጭ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበት። ከሥሩ እንዳይዝ በእንጨት ማማሰያ ሳያቋርጡ እያማሰሉ በዝግታ እሳት 40 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ስኳሩ በመጨረሻ ይግባ። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር ገና ጥቂት ቀጠን እንዳለ መውረድ አለበት። ለያንዳንዱ ሰው በሻይ ብርጭቆ ሲቀርብ ለ50 ሰው ይበቃል፤ ብርጭቆም መልኩን ያሳምረዋል።

የተቀቀለ ሩዝና ወተት በሙቀት ሲያድር ሆድን ለሚያውክ ተሐዋሲ የተመቸ ስፍራ ነው። ስለዚህ እንደ ወረደ በትልቅ ድስት አይተው፤ በአጫጭር ሳሕን ተከፋፍሎ ፈጥኖ ይቀዝቅዝና ማቀዝቀዣ ይግባ። ከማቀዝቀዣ ከወጣም በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ በገበታ ላይ አይቆይ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር የሆነ እንደ ሆነ ይህን ትቶ ከላይ ከተነገሩት ደረቅ ነገሮች አንዱን መምረጥ ይሻላል።

አምስተኛ፤ የተቆራረጠ ፍሬ

ፍሬ በወራቱ ሲገኝ ርካሽ ነው፤ ያለ ወራቱ ግን ውድ ነው። 6 ኪሎ ፓፓያ፤ 2 ኪሎ ተኩል ሙዝ፤ 2 ኪሎ ተኩል ብርቱካን ተልጦና ፍሬው ወጥቶ ሲቆራረጥ ለ50 ሰው በቂ ነው። ፍሬው ሳይላጥ በፊት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ በልጣጩ ላይ ያለው እድፍ በቢላዋው ወደ ውስጥ ይገባልና። ሙዙ እንዳይጠቁር የ10 ሎሚ ጭማቂ ይፍሰስበት። ስኳር አያስፈልገውም። በማለዳ ተቆራርጦ ተከድኖ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ በዚያውም ቀን ይለቅ።

እንግዳን ሁሉ ማሰብ

በመዋጮ ማዕድ የሚቀርብ ሰው ምግቡን ማን እንደ ሠራው፤ ምን እንደ ገባበትም አያውቅም። ስለዚህ በየሳሕኑ አጠገብ ትንሽ ወረቀት ይቀመጥ፤ «የጾም ነው»፤ «ወተት አለበት»፤ «ለውዝ አለበት» ተብሎ በግልጽ ይጻፍበት። ጾመኛው ሳያፍር ሳይጠይቅ ይመርጣል። ለውዝ የማይስማማው ሰው አለ፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ጥቂቱም እንኳ ሕይወቱን ሊያሰጋ ይችላል። እስላም ወዳጆቻችንም በሚገኙበት ግብዣ በጣፋጩ ውስጥ መጠጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል። የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎች ያልጣፈጠ ቆሎ ለብቻው ይቅረብ፤ እነርሱ ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው ሌላው ሲበላ እንዳያዩ ነው። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር ሁሉ እንዳይሰጠው ሐኪሞች ይከለክላሉ።

ጣፋጩ ከምግቡ ጋራ በአንድ ጊዜ አይውጣ፤ ልጆች አስቀድመው ይጨርሱታልና። ገበታው ከተነሣና እጅ ከታጠበ በኋላ አቦሉ ሲቀዳ ይቅረብ። አንድ ሰው ቁራሹን በመቆንጠጫ ወይም በማንኪያ እያነሣ ቢያድል ንጽሕናውም ይጠበቃል፤ ለሁሉም ይዳረሳል። የተረፈውም በንጹሕ ዕቃ ተደርጎ ላልመጡት ሽማግሎችና ሕሙማን ይላክ።

ለሰፊው ቤት የሚገባ

ከላይ የጻፍነውን ጠባቡ ቤት ብቻ ቢሠራበት የታሰበው አይፈጸምም። በአንድ ማኅበር መካከል መለኪያ የሚሆነው የባለ ማዕርጉና የባለጸጋው ቤት ነው፤ ሌላው ዐይኑን ወደዚያ ያነሣል። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ባለቤት ባለ ሦስት ደርብ ኬክ አስይዘው የመጡ እንደ ሆነ፤ የጸሐፊውና የተላላኪው ባለቤቶች በሚቀጥለው ጊዜ ተበድረው ይመጣሉ፤ አለዚያም ይቀራሉ። እኒሁ እመቤት በሶ አስጨብጠው በንጹሕ መሶብ አስይዘው ቢመጡ ግን፤ በሶ ከዚያ ቀን ጀምሮ የክብር ምግብ ይሆናል፤ ማንም ሰው የገብስ ዱቄት ይዞ ለመምጣት አያፍርም። ባለጸጋ ሰው ልግስናውን ለማሳየት ቢወድ ሌላ መንገድ አለው፤ ቡናውን፤ ስኳሩን፤ ወንበሩንና ድንኳኑን ስሙ ሳይጠራ ይቻል። እንዲህ ያለው ስጦታ ሁሉን ይጠቅማል፤ ማንንም ከማንም አያወዳድርም።

ስለዚህ በሚመጣው ግብዣ ወረቀቱን የሚይዙት ሰው በመጀመሪያው መስመር ላይ የሰፊውን ቤት ስም ይጻፉ፤ በአጠገቡም የበሶ ጭብጦ ወይም ዳቦ ቆሎ ይጻፉበት። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይሞላል። ባለፈው ጊዜ ምክንያት ሰጥተው የቀሩትንም ቤቶች ሄዶ መጠየቅና ስማቸውን በዚያው ወረቀት መልሶ ማስገባት መዘንጋት የለበትም።

በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ዓምድ ንጹሕ ማር እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚጠበቅ እንጽፋለን።